ደሴ እና ጦርነት

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የወሎ ከተማ ናት። ቁልቁል ሲወረድ ኮምቦልቻ አለች፤ የአሰብ መንገድ ከአዲስ አበባው ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ጦርም ነጋዴም የመጣው በዚሁ መንገድ ስለሆነ የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ከዘመቻ አይለይም።

አፄ ዮሐንስ ከጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ (1870) ወዲህ ክርስትና የተነሡት መሐመድ አሊ፣ ኋላ ራስ ሚካኤል፣ ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ። በ1888 ዓድዋ የዘመተው የወሎ ፈረሰኛም በእሳቸው ይመራ ነበር። የዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝተኛ አልነበረም። ከጌታው ጋር ያስተሳሰሩት መሬት፣ ሹመትና ግብር፣ ማለትም ጌታው የሚያበላው ድግስ፣ ናቸው፤ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽም ግብር የሚበላበት ነበር። ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ግራዝማች የተባሉት የሰልፍ ማዕረጎች በሰላሙ ጊዜም የአገር ገዥና የዳኛ መጠሪያ ሆነው ቆዩ። ጀግና ያልሆነ ሰው ለሹመት አይበቃም የሚለው አስተሳሰብ ሥሩ ይህ ይመስለኛል። ኋላ ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል በ1909 ሰገሌ ላይ በሸዋ ጦር ድል ሆነው ሲማረኩ የወሎም ተሰሚነት አብሮ ቀነሰ።

ይህን ሥርዓት የፈተነው አውሮፕላን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦሩን ከደሴ ሲመሩ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልቀረም። ሚያዝያ 7 ከተማዋ ተያዘች፣ የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮም ከዚህ ተነሥቶ በመኪና አዲስ አበባ ገባ። በ1933 ሚያዝያ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአርበኞች ጋር የኮምቦልቻን በር ሰብሮ ደሴን አስለቀቀ።

በደርግ ዘመን ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ (1975) ዘማች መመልመል የጌታ ሳይሆን የቀበሌ ሥራ ሆነ። ልጁ በአፈሳ የተወሰደበት ቤተሰብ ስለ ውትድርና ያለው ስሜት ከፈረሰኛው ፉከራ ጋር አይገጥምም። በግንቦት 1983 ኢሕአዴግ ደሴን ይዞ ወደ አዲስ አበባ አለፈ።

በ2013 ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀሉት በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ሁለቱንም ከተሞች ያዙ፤ የፌዴራሉ መንግሥት መልሶ መቆጣጠሩን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው። የደሴ ሆስፒታልና ሙዚየም ተዘረፉ። ኮምቦልቻ የሚገኙ የእርዳታ መጋዘኖችም ስለተዘረፉ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱም ከተሞች እህል ማደሉን ለጊዜው አቋርጦ ነበር።