«ሰው ኪሱን አይቶ ነው የሚመርጠው» ይላሉ፤ አይደለም

ስለ ምርጫና ስለ ኢኮኖሚ በተወራ ቁጥር አንድ የማይቀር አስተያየት አለ፦ «ዜናው ምን ያመጣል? ሰው ኪሱን አይቶ ነው የሚመርጠው።» ይህን በቁም ነገር ሲናገሩት መስማት ያታክታል፤ ስህተት መሆኑ ከታወቀ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታልና።

የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ኪንደርና ሮድሪክ ኪዊየት በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ መራጮችን መረጃ ሲመረምሩ፣ ድምፅን ይበልጥ የሚወስነው «እኔ ዘንድሮ ተጎዳሁ ወይ?» ሳይሆን «የአገሪቱ ኢኮኖሚ እንዴት ነው?» የሚለው ግምት ሆኖ አገኙት። የራሱን ኪስ ሰው ራሱ ያውቀዋል። የአገሪቱን ግን ማን ወጥቶ ይቆጥራል? ከዜና ነው የሚሰማው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) የ2021 የቤተሰብ ዳሰሳ ያሳያል። ከተጠየቁት አሜሪካውያን 78 በመቶው የራሳቸው ገቢና ወጪ ቢያንስ ደህና እንደሆነ መለሱ። የአገሪቱን ኢኮኖሚ «ጥሩ» ወይም «በጣም ጥሩ» ያሉት ግን 24 በመቶ ብቻ ናቸው። ዓመቱ ዋጋ የናረበት ስለነበር ክፍተቱን በሙሉ በዜና ላይ ማላከክ አይቻልም። ያም ሆኖ «ኪሱን አይቶ ነው» ለሚል ሰው 54 ነጥቡ መልስ ይፈልጋል።

«ጋዜጠኞች ስለሚዋሹ ነዋ!» የሚል ይከተላል። መዋሸት አያስፈልግም። አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን 1,000 ሰው ቢያሰናብት ዜና ነው፤ ያው 1,000 ሰው በ300 ድርጅቶች አንድ ሁለት እየሆነ ሲቀጠር ማንም አይዘግበውም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ በየወሩ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲቀጠር የሚሰናበተው ከ2 ሚሊዮን በታች ነበር፤ አርዕስተ ዜናውን ያገኘው ግን ስንብቱ ነው። አንባቢውም የራሱ ድርሻ አለው። ተመራማሪው ስቱዋርት ሶሮካ በ2006 ባሳተመው የብሪታንያ ጥናት፣ ኢኮኖሚው ሲበላሽ የሕዝቡ ስሜት የሚወርደው በዚያው ልክ ሲሻሻል ከሚወጣው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ዜና ሳይዋሽ ሊጨልም እንደሚችል የ1992ቱ የአሜሪካ ምርጫ ያሳያል። የኢኮኖሚ ድቀቱ ያበቃው በመጋቢት 1991 ነበር። ይህን የሚወስነው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ ግን በይፋ የተናገረው በታኅሣሥ 1992፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ከተሸነፉ በኋላ ነው። በመሀሉ ሥራ አጥነት እየጨመረ ሰኔ 1992 ላይ 7.8 በመቶ ደረሰ፤ ምርት ካገገመ በኋላ ሥራ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ስለዚህ ጨለምተኛው ዜና ፈጠራ አልነበረም፤ ወደ ኋላ የቀረውን ቁጥር ይዞ የሄደ ነው።

ስለ ኢኮኖሚ ዜና የሚባሉ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት ነው።» አይደለም። በ100 ይገዛ የነበረ ዕቃ በ9 በመቶ ግሽበት 109 ይገባል፤ ግሽበቱ ወደ 3 በመቶ ሲወርድ ዕቃው 112 ይሆናል። ባለሥልጣን «ቀነሰ» ሲል ሸማቹ የሚናደደው ለዚህ ነው።

«ጨለማ ዜና ሁሉንም እኩል ያስከፋል።» በኅዳር 2016 ዶናልድ ትራምፕ ሲመረጡ፣ ኢኮኖሚው ሳይነቃነቅ የሪፐብሊካኖች ተስፋ ወዲያው ወጣ፣ የዴሞክራቶች ወረደ። በፓርቲ ያልተከፋፈለ የሸማቾች ስሜት ዳሰሳ ስታዩ ተጠራጠሩ።

«ነጥቡ በዛ ማለት ውድቀቱ ከፋ ማለት ነው።» የአሜሪካ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ ጥቅምት 19፣ 1987 በ508 ነጥብ ወደቀ፦ 22.6 በመቶ። የካቲት 5፣ 2018 በ1,175 ነጥብ ወደቀ፦ 4.6 በመቶ። በነጥብ የተጻፈ ርዕስ ሲገጥማችሁ ነጥቡን ለቀደመው ቀን መዝጊያ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ።

«ታትሞ የወጣ ቁጥር አለቀለት።» ብሪታንያ በ2012 «ዳግም ድቀት ገባች»፣ ማለትም ምርቷ ቢያንስ ሁለት ሩብ ዓመት በተከታታይ ወረደ ተብሎ መንግሥቱ ከአንድ ዓመት በላይ ተወቀሰበት። በሰኔ 2013 አኃዙ ሲከለስ ድቀቱ ጠፋ፤ የ2012 የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ምርት ባለበት የቆመ እንጂ የወረደ አልነበረም። እርማቱን ስንት ሰው ሰማው?

የዕድገት አኃዝ ስታነቡ ደግሞ መጀመሪያ የሩብ ዓመት ነው ወይስ ወደ ዓመት የተባዛ ብላችሁ ጠይቁ። በ2020 ሁለተኛ ሩብ ዓመት የአሜሪካ ምርት «32.9 በመቶ ወደቀ» የተባለው፣ የ9.5 በመቶው ቅናሽ አራት ሩብ ዓመት ሙሉ ቢደጋገም ተብሎ የተሰላ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ግምት በሦስቱ ወር የወደቀው 9.5 በመቶው ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለርዕስ ከበቂ በላይ ነው።