የስሜን ተራሮችን ፎቶ ማንሳት፦ ብርሃን፣ ወቅትና መቆሚያ ቦታ

ስሜን ተራሮች ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ከታች የተደረደሩትን ሹል አምባዎች ሲያይ እጁ ሳያስበው ወደ ካሜራው ይሄዳል። ቤት ገብቶ ሲያየው ግን ፎቶው ሌላ ነው። ገደሉ ጠፍጣፋ፣ ሰማዩ ነጭ፣ ሩቁ ተራራ የደበዘዘ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ያኔ ካሜራውን ያማርራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓትና የት ቆሞ እንዳነሳው ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ ቀጥሎ ይጀምራል። በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ተራሮቹ የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ ተደራረበ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ለረጅም ዘመን ሸረሸሩት። ገደሉ ላይ አግድም የሚታዩት መስመሮች እነዚያ ድርብርብ ፍሳሾች ናቸው። ለፎቶ አንሺ ትልቁ ሀብት እነሱ ናቸው። ቁልጭ ብለው የሚወጡት ግን ብርሃን ከጎን ሲመታቸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ትልቁ ገደል በአብዛኛው ፊቱን ወደ ሰሜን የሰጠ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የገደሉ ፊት ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል። በዚያ ወቅት ቀጥታ ብርሃን የሚያገኙት ወደ ውጭ ወጣ ብለው የቆሙት አፍንጫዎች ናቸው፤ ጠዋት በምሥራቅ ጎናቸው፣ ማታ በምዕራብ ጎናቸው። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ገደሉን ልታበራው ትችል ነበር፤ ክረምቱ ግን በጉም ይሸፍናታል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ፀሐይ ከሞላ ጎደል ከቀጥታ ምሥራቅ ወጥታ በቀጥታ ምዕራብ ትጠልቃለች። ብርሃኑ ገደሉን ጎን ለጎን እየዳበሰ ያልፋል። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ፏፏቴዎቹ ሙሉ ናቸው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ደመናም ለሰማዩ ሕይወት ይሰጠዋል። ከጥር በኋላ ሣሩ ወርቃማ ይሆናል፤ እሱም የራሱ ውበት አለው። ነገር ግን አቧራውና ጭሱ ቆላውን ይሸፍኑታል። በዚያ ወቅት ሰፊ እይታ ለማንሳት መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ሰዓት የሚነገረው ምክር በብዛት የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ በብርዱ ወቅት ፀሐይ አድማሱን ተጠግታ ስለምትሄድ ለስላሳው ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስሜን ያለው ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ብቻ ርቆ ነው። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ወርቃማው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ቁርስ በልቼ እደርሳለሁ ያለ ሰው አለቀለት። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ 11 ሰዓት ላይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ተክሎ መቆም ግድ ነው። ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ደግሞ የቅኝት ነው። ቦታውን መዞር፣ ነገ ጠዋት ፀሐይ ከየት እንደምትወጣ በኮምፓስ ወይም በስልክ መተግበሪያ ማየት፣ ከፊት የሚቀመጠውን ነገር መምረጥ። ጥሩ የስሜን ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእኩለ ቀን፣ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እያለ ነው።

ከመቆሚያ ቦታዎች የመጀመሪያው ሳንቃበር ካምፕ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የጅን ባር ፏፏቴ ከ500 ሜትር በላይ ወደ ገደል ይወረወራል። በጥቅምት አስደናቂ ነው፤ በጋው ሲገፋ ግን ክር ያክላል። የውኃውን ፍሰት ለማለስለስ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ከሩብ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ መክፈት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ውኃው ቅርጹን ያጣል።

ከሁሉም በላይ ግን እሜት ጎጎ ነው። 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ አፍንጫ ከግጭ ካምፕ በእግር ይደረሳል። በሦስት አቅጣጫ ገደል ስለሆነ ለጠዋትም ለማታም ያገለግላል። ቦታው ሰፊ ሌንስ ያስመኛል። እኔ ግን ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለውን ረጅም ሌንስ እመክራለሁ። ሰፊ ሌንስ ሩቅ ያሉትን አምባዎች ያሳንሳቸዋል፤ ረጅሙ ግን አቅርቦ ያደራርባቸዋል። ጭጋግ ሲኖር ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የቅርቡ ሸንተረር ጠቆር፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር የተቀላቀለ ሆኖ ይወጣል። ፎቶው ጥልቀት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ካምፕ ጨነቅ የእንስሳቱ ቦታ ነው። ዋልያ እዚያ አካባቢ ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። አፋፉ ላይ ከኋላቸው ብርሃን ሲያገኛቸው ጎፈሬያቸው ያበራል። መልክዓ ምድርና እንስሳ በአንድ ፎቶ መያዝ የሚፈልግ ሰው ያንን ሰዓት ይጠብቅ። መንጋው ውስጥ መሮጥ ግን ሁሉንም ያበላሻል። ቁጭ ካሉ ራሳቸው ሣር እየነጩ ይጠጋሉ።

ሰፊ ሌንስ ከተጠቀሙ ከፊት አንድ ነገር ያስፈልጋል። ስሜን ላይ ለዚህ ጅብራን፣ ያችን ረጅም የደጋ ተክል፣ የሚያህል የለም። ሜዳው ላይ ብቻዋን ተገትራ ስለምትቆም ለዓይን ማረፊያ ትሆናለች፤ የቦታውንም ማንነት ትናገራለች። ዝቅ ብሎ፣ ጠጋ ብሎ ማንሳት ነው። ፂም የመሰለ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት የአስታ ዛፍ በጉም ጊዜ ጥሩ ነው። የገደሉን ግዝፈት ለማሳየት ደግሞ ራቅ ብሎ አፋፉ ላይ የቆመ አንድ ሰው ይበቃል።

ስለ ካሜራው ማስተካከያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ትራይፖድ ካለ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11። ኤፍ 16ን ሲያልፉ ፎቶው ጥራቱን መቀነስ ይጀምራል። ትልቁ ፈተና ሰማዩ ብሩህ፣ ገደሉ ጨለማ መሆኑ ነው። በራው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንስቶ መጋለጡን፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን መጠን፣ ለሰማዩ መለካት ይሻላል። ጥላው በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ይነሳል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ሰማይ ግን አይመለስም። ልዩነቱ ከበዛ በተለያየ መጋለጥ ሦስት ፎቶ አንስቶ ማዋሃድ ይቻላል። ፖላራይዘር ፊልተር ከፀሐይ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ሲያነሱ የሰማዩን ሰማያዊ ያጎላዋል። በጣም ሰፊ ሌንስ ላይ ግን የሰማዩን ግማሽ ብቻ ስለሚያጠቁር ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

ስልክ ብቻ ያለውም ሰው ይችላል። የስክሪኑን መከፋፈያ መስመሮች (ግሪድ) ማብራት፣ አድማሱን ማስተካከል፣ ብሩሁን ሰማይ ነክቶ ተጭኖ መቆለፍ። ዲጂታል ዙም ግን አይነካ። ወደ ፊት መራመድ ካልተቻለ፣ ፎቶው በኋላ ቢቆረጥ ይሻላል።

ሌሊቱ ለብቻው የሚወራለት ነው። ከካምፖቹ አካባቢ የከተማ መብራት ስለሌለ ሰማዩ ጥቁር ነው። ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) በደማቁ ክፍሉ ለማግኘት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ጨረቃ በሌለበት፣ ከንጋቱ በፊት ባሉት ሰዓታት መነሳት ነው። ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ቅዝቃዜው በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። ትርፍ ባትሪ ልብስ ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ይያዝ።

ፓርኩ ውስጥ የሚሄደው በስካውት፣ በታጠቀ የፓርኩ ጠባቂ፣ ታጅቦ ነው። ንጋት ላይ መውጣት እንደሚፈልጉ ለስካውቱና ለአስጎብኚው ከዋዜማው መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እንደማንኛውም ጎብኚ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የሚነሱት። አካባቢውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ጉሙ መቼ እንደሚገለጥ ከማንኛውም መተግበሪያ በላይ ይነግራሉ። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል ነው። ገበሬውን ወይም እረኛውን ከማንሳት በፊት ሰላም ብሎ መጠየቅ የግድ ነው፤ እንቢ ካለም እንቢታውን ማክበር። ከፍታው ራስ ምታት ስለሚያመጣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር አድሮ ወደ ግጭ መውጣት ይመከራል። በቅርብ ዓመታት በአማራ ክልል ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት ደግሞ፣ ከመነሳት በፊት ደባርቅና ጎንደር ያሉ ሰዎችን ስለ መንገዱ ሳይጠይቁ ጉዞ መጀመር አይገባም።