ፐርፎርማንስ አርት ምንድን ነው?

ፐርፎርማንስ አርት ሠዓሊው ሸራውን ትቶ የገዛ አካሉን ይዞ ተመልካች ፊት የሚቀርብበት ጥበብ ነው። በአማርኛ «ክዋኔ ጥበብ» የሚሉት አሉ። ይህ ስም ግን ቴአትርንም ዳንስንም ስለሚያቅፍ የባዕዱን ቃል መርጫለሁ። በቴአትር ተዋናዩ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ቢላውም ደሙም የውሸት ነው። እዚህ የሚደክመውም የሚያመውም ራሱ ሠዓሊው ነው።

ስቅለት ቀን ሲሰገድ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሰጋጁ ሐዘንን አይተውንም፤ ጉልበቱ ይናገርለታል። የዚህ ጥበብ ሰዎች ድግግሞሹን፣ ጾሙን፣ ዝምታውን ከሃይማኖት ሥርዓት የሚዋሱት በቃል ሊጠየቅ ያልቻለን ነገር በአካል ለመጠየቅ ይመስለኛል።

ለምሳሌ ማሪና አብራሞቪች። እ.ኤ.አ. በ1946 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ተወለደች። ወላጆቿ ናዚን የተዋጉ ፓርቲዛኖች (የደፈጣ ተዋጊዎች)፣ ኮሚኒስቶች ነበሩ። እስከ ስድስት ዓመቷ ግን ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ ሻማ አብርተው የሚጸልዩ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ኦርቶዶክስ። ከዚያ ወላጆቿ ቤት ስትገባ የጠበቃት የወታደር ቤት ሥርዓት ነው። እናቷ ዳኒትሳ ስመዋት አያውቁም። አርባ ዓመት ገደማ ሲሆናት ለምን ብላ ብትጠይቃቸው፣ እንዳትሞላቀቂ ብዬ ነው አሏት።

በ1975 ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ላይ ማር በላች፣ ቀይ ወይን ጠጣች፣ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሆዷ ላይ በምላጭ ቀረጸች፣ በመስቀል ቅርጽ በተደረደረ በረዶ ላይ ተኛች። የአያቷ መስቀልና የወላጆቿ የኮሚኒስት ኮከብ አንድ ገላ ላይ ተገናኙ። ከበረዶው ያነሷት ተመልካቾች ናቸው።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማነሳው «ባልካን ባሮክ» የተሰኘ ሥራዋን ነው። በ1997 ቬኒስ ውስጥ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሥጋው ያልጠራ የከብት አጥንት ክምር ላይ ተቀመጠች። አንዱን ታነሳለች፣ በብሩሽ ትፈገፍጋለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላ ታነሳለች። በየቀኑ ለሰዓታት፣ አራት ቀን ሙሉ። በሙቀቱ አጥንቱ ይሸታል፣ ቀሚሷ በደም ይቀላል፣ እሷ የልጅነቷን የአገር ዘፈን ታንጎራጉራለች። ሥራው በቬኒስ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውን የጥበብ ትርኢት፣ የቢየናሌውን፣ ወርቃማ አንበሳ ተሸለመ። ስለ እሱ የሚጻፈው በአብዛኛው የዩጎዝላቪያ ጦርነት ደም ታጥቦ እንደማይለቅ ነው፤ ልክ ነው። ግን ግድግዳው ላይ በቪዲዮ ቆመው የሚታዩት እናትና አባቷ መሆናቸውን አትርሱ። ልጃቸው እግራቸው ሥር ስትደክም ውላ ታመሻለች። ከግድግዳው ወርዶ የሚያቅፋት የለም።

እናቷ በ2007 ካረፉ በኋላ የግል ማስታወሻቸውን አገኘች። አንዲት ገጽ እንኳ በሕይወት እያሉ አንብባ ቢሆን ኖሮ ለእናቷ የነበራት ስሜት ይለወጥ እንደነበር ተናግራለች። በ2010 ኒው ዮርክ፣ ሞማ በተባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ለሦስት ወር ያህል ወንበር ላይ ተቀመጠች። የፈለገ ሰው ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ ንግግር የለም። አንዱ ተነሥቶ ሌላው እስኪመጣ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ትደፋለች። ከዚያ ቀና ብላ የመጣውን ታያለች። ብዙዎቹ ሲታዩ አለቀሱ።