ሐኪምና ባጃጅ ነጂ በአንድ አንቀጽ

ከአቶቴ ወደ ፒያሳ ባጃጅ ይዣለሁ። ነርስ መሆኔን ጋውኔ አሳብቆብኛል። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «እናንተማ ምን አለባችሁ እህቴ! እኛ ሰው ከገጨን ቀጥታ ወደ ጣቢያ ነው። ሐኪም ቢገድል ማን ይነካዋል?» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከብዙ ሰው እሰማለሁ፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሐኪም አይከሰስም»

ይከሰሳል። እንዲያውም ሕጉ ሹፌሩንና ሐኪሙን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543(2) የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ሰው ምሳሌ ሲያነሳ ሐኪምና አሽከርካሪን ይጠራል። በቸልተኝነት ሰው ከሞተ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት አለ፣ ከነመቀጮው። ጠጥቶ የሠራ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

«ታማሚ ከሞተ ያጠፋ ሰው አለ»

ከቤተሰብ ጋር የምንጋጨው እዚህ ላይ ነው። ደም እየፈሰሳት የመጣች ወላድ ሁሉ ነገር ተደርጎላትም ልትሞት ትችላለች። ያ ሐዘን እንጂ ወንጀል አይደለም። ካርዱ ላይ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ በቀይ ተጽፎ ሳያነቡ መውጋት ግን ሌላ ነው። አንቀጽ 59 የሚጠይቀው ባለሙያው በትምህርቱ፣ በልምዱና በሥራ ደረጃው አደጋውን ማወቅ ነበረበት ወይ፣ ይችልስ ነበር ወይ ብሎ ነው። የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሙያዊ አስተያየት ይሰጣል፤ ጥፋተኛ የሚለው ግን ፍርድ ቤት ነው።

«ፈርመናል፣ አለቀ»

አላለቀም። ፊርማው ለኦፕሬሽኑ ፈቃድ ነው፤ ቸልተኝነትን አይሸፍንም።

«ካልታሰረ ካሳ የለም»

በወንጀል ነፃ የወጣ ሰው በፍትሐ ብሔር ሊጠየቅ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት፣ ሰውየው በወንጀሉ ነፃ መውጣቱ የካሳውን ዳኛ አያስረውም።

«ቢታሰሩ ይጠነቀቁ ነበር»

ይህን ስሰማ አሜሪካዊቷ ነርስ ራዶንዳ ቮት ትዝ ትለኛለች። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በቴነሲ፣ ቨርሴድ የተባለ ማረጋጊያ ልትሰጥ ከመድኃኒት ማውጫ ማሽኑ ጡንቻ የሚያሽመደምደውን ቬኩሮኒየም አወጣች። ታማሚዋ ሞቱ። ስህተቷን ያመነችው ራሷ ነበረች። በ2022 ጥፋተኛ ተባለች፤ ሳትታሰር ለ3 ዓመት በክትትል ሥር እንድትቆይ ተወሰነባት። ማስጠንቀቂያ አልፋለች፣ ሳታነብ ሰጥታለች፤ ይህን አልክድም። ግን ያን ፍርድ የሰማ ነርስ ነገ ስህተቱን አፍ አውጥቶ ይናገራል?

እኔም አንድ ሌሊት የተሳሳተ የመድኃኒት አምፑል (ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) ሰብሬ ወደ ሲሪንጅ ስቤ ነበር። ሁለቱ አምፑሎች ቁርጥ መንታ ናቸው፤ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጡት። የተረኛ ጓደኛዬ «እስቲ ስሙን ጮክ ብለሽ አንብቢው» ባትለኝ ወግቼ ነበር። ለአለቃዬ ነገርኳት። እስር ቢያስፈራኝ ኖሮ እነግራት ነበር? እንጃ። በማግስቱ አንደኛው አምፑል ወደ ታችኛው መሳቢያ ወረደ።