ዩዴቭ እና የመሣሪያ ፈቃድ በሊነክስ

ዩዴቭ በሊነክስ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካን መሣሪያ፣ ማውስም ሆነ ፍላሽ ወይም አርዱዊኖ ሰሌዳ፣ ለይቶ የሚያውቅና ማን ሊጠቀምበት እንደሚችል የሚወስን፣ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሊነክስ መሣሪያን የሚያየው እንደ ፋይል ስለሆነ (የኔትወርክ ካርድ ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው)፣ «ዴቭ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ግሩፕና የራሱ የፈቃድ ቁጥር አለው።

ቀድሞ በዚህ ፎልደር ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይኑርም አይኑር፣ ሊሰካ ለሚችል መሣሪያ ሁሉ ፋይል አስቀድሞ ይቀመጥ ነበር። ዩዴቭን ግሬግ ክሮ-ሃርትማን በ2003 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቀው ዓላማው የተሰካውን ብቻ ማሳየትና የስም አሰጣጡን ከከርነሉ (መሣሪያዎችን በቀጥታ ከሚቆጣጠረው የሊነክስ ዋና ክፍል) አውጥቶ ለተጠቃሚው ማስረከብ ነበር። ከከርነል 2.6.32 ጀምሮ ፋይሉን የሚፈጥረው ራሱ ከርነሉ ሲሆን፣ ለዩዴቭ በዋናነት የቀረለት ፈቃዱን፣ ግሩፑንና ተጨማሪ ስሞችን መወሰን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ዩዴቭ ሌሎች ፕሮግራሞችን ወደሚያስነሳውና ወደሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ተጠቃለለ፤ ይህን ያልወደዱ፣ ጀንቱ የተባለው የሊነክስ ስርጭት አልሚዎችም ኢዩዴቭ የተባለውን ቅጂ ለይተው አወጡ።

አሠራሩ በአንድ ምሳሌ ይታያል። አርዱዊኖ ኡኖ ሲሰካ ከርነሉ መልእክት ይልካል፤ ዩዴቭም የአምራቹን ቁጥር 2341 እና የምርቱን ቁጥር 0043 አንብቦ ለየትኛው መሣሪያ ምን እንደሚደረግ ከተጻፈባቸው የሕግ ፋይሎቹ ጋር ያመሳክራል። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊነክስ ስርጭቶች የሚገኘው ውጤት ባለቤቱ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው የአስተዳዳሪ አካውንት)፣ ግሩፑ «ዳያልአውት»፣ ፈቃዱም 0660 የሆነ ፋይል ነው፤ ይህም ማለት ባለቤቱና የግሩፑ አባላት ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ሌላው ሰው ግን ምንም አይፈቀድለትም። የግሩፑ ስም በሞደም ስልክ ይደወል ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው፤ በአርች ሊነክስ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለው ግሩፕ «ዩዩሲፒ» ይባላል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ኮድ ለመጫን ሲሞክር «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልእክት የሚያየው ተጠቃሚ፣ ሰሌዳውም ሆነ ገመዱ አልተበላሸበትም፤ የጎደለው የግሩፕ አባልነት ብቻ ነው። አባል ከሆነ በኋላም ከአካውንቱ ወጥቶ እንደገና ካልገባ ለውጡ አይታየውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የፋይሉን ፈቃድ በእጅ መቀየር ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን ፋይሉ ዲስክ ላይ ሳይሆን ሜሞሪ ውስጥ ስለሚኖር፣ መሣሪያው ተነቅሎ ሲሰካ ለውጡ ይጠፋል። ዘላቂው መንገድ የሕግ ፋይል ነው። ፓኬጆች ሕጎቻቸውን የሚያኖሩት «ዩኤስአር» ሥር ሲሆን፣ የአስተዳዳሪው «ኢቲሲ» ሥር ይቀመጣሉ፤ ሁለት ፋይሎች አንድ ዓይነት ስም ከያዙ የሚጸናው የአስተዳዳሪው ነው። የሚነበቡት በስማቸው ቅደም ተከተል በመሆኑ ከስሙ ፊት የሚጻፈው ቁጥር ለጌጥ አይደለም፦ ኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጠው ተጠቃሚ ብቻ ፈቃድ የሚሰጠው «ዩአክሰስ» የተባለው ምልክት፣ ከ73 በታች በሆነ ቁጥር በሚጀምር ፋይል ውስጥ ካልተጻፈ አይሠራም። በየቦታው የሚመከረው 0666 ግን መሣሪያውን በኮምፒውተሩ ላይ ላለ ተጠቃሚና ፕሮግራም ሁሉ ስለሚከፍት፣ ከአንድ ሰው በላይ በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ጥሩ ምክር አይደለም።

ሶፍትዌሩ የተጫነበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። የሎጂቴክ ኪቦርድና ማውስ ማስተዳደሪያ የሆነው ሶላአር ከስርጭቱ የፓኬጅ ማከማቻ ሲጫን የሕግ ፋይሉ አብሮት ይመጣል፤ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካውን የማውሱን መቀበያ ነቅሎ መልሶ ከመሰካት ያለፈ ሥራ ላይኖርበት ይችላል። ከዚፕ ፋይል ተፈትቶ የሚሠራ ፕሮግራም ግን ብዙውን ጊዜ ሕጉን በቦታው ስለማያኖር፣ ፋይሉን መገልበጥና ዩዴቭ ሕጎቹን እንደገና እንዲያነብ ማዘዝ የተጠቃሚው ድርሻ ይሆናል።

አንዳንዴ ችግሩ የሚመጣው ከሌላ ፕሮግራም ሕግ ነው። በኡቡንቱ 22.04 ርካሹን ሲኤች340 ቺፕ የያዙ ሰሌዳዎች እንደተሰኩ ከ«ዴቭ» ፎልደር ይጠፉ ነበር፤ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግለው ብርልቲቲ፣ ያው ቺፕ ያለበት የብሬይል መሣሪያ ስላለ፣ በቁጥሩ ብቻ ለይቶ ሰሌዳውን የራሱ መሣሪያ አድርጎ ይይዘው ነበር። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ቺፑ እንጂ ቺፑ ስላለበት ዕቃ አይደለምና።