ጣውላ ሰንጣቂዎች፦ ግንድን በግቢ ውስጥ ጣውላ የማድረግ ሙያ

እዚህ የምናወራው ስለ ፋብሪካ አይደለም። ሁለት ሰው፣ አንድ ረጅም መጋዝ፣ አንድ ግንድ፤ አሁን አሁን ደግሞ አንድ ሰውና አንድ ቼንሶው፣ ማለትም የሞተር መጋዝ። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች የብዙ ቤት በር፣ መስኮትና አልጋ የወጣው ከዚያው ከግቢው ዛፍ ነው። ባለቤቱ ሰንጣቂ ይጠራል፣ በዋጋ ይስማማሉ፣ ሥራው እዚያው ዛፉ የወደቀበት ቦታ ላይ ይሠራል። ግንድ ከማጓጓዝ መጋዝ ተሸክሞ መሄድ ይቀላል።

ከመጋዝ በፊት መጥረቢያ ነበር። የድሮ መዝጊያ ከአንድ ወፍራም ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፣ ማጠፊያውም ከራሱ ከእንጨቱ ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማም እንዲሁ ከአንድ ቁራጭ ይፈለፈላል። ሲያዩት ያምራል፣ ግን ከግንዱ የሚበዛው ፍላጭ ሆኖ ይቀራል። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ጣሪያ ያየ ሰው የጥንቶቹ እንጨት ሠራተኞች ምን ያህል እንደተካኑ አይጠራጠርም።

ወደ መጋዙ እንምጣ። ግንዱ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይወጣል፣ ወይም መሬቱ ቁልቁለት ከሆነ ዳገቱን ተጠቅመው ያንከባልሉታል። ቅርፊቱ ይላጣል። ከዚያ መስመር ይመታል፤ እኔ ባየኋቸው ዘንድ ያረጀ ባትሪ ድንጋይ ይሰበርና ጥቁሩ ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል፣ ክር ይነከርበታል፣ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ መሃሉን ብድግ አድርገው ሲለቁት ጧ ብሎ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ያትማል። አንዱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ታች። መጋዙ የሚበላው ወደ ታች ሲሳብ ነው። ላይኛው መስመሩን ይጠብቃል፣ ታችኛው ይስባል፣ ሰጋቱራውንም (የመጋዙን ብናኝ) ይጠጣል። ታችኛውን ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ጉልበቱን ብቻ ያያል። ሙያው ግን ያለው በሞረዱ ላይ ነው፤ ጥርሱ በደንብ ካልተሞረደና ግራና ቀኝ ካልተከፈተ መጋዙ ግንዱ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ቀኑም አብሮ ያልቃል።

ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ ተጽፏል፣ እኔም ልጨምር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋን የነበረው ጥድ ለማገዶና ለቤት ሥራ በፍጥነት ተጨፈጨፈ። እንጨት ጠፋ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሰናዳት ጀምረው ነበር፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በ1887 ዓ.ም. አካባቢ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ማን አመጣው በሚለው ላይ ክርክር አለ። አብዛኛው ጽሑፍ ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳይዬን ይጠቅሳል፣ ሌሎችን የሚጠቅሱም አሉ። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ለዚህም ነው ገበሬው የማይለቀው። ለአጣናና ለማገር ወደር የለውም። ለጣውላ ግን አስቸጋሪ ነው። ግንዱ ውስጡ ውጥረት አለበት፤ ገና ሲወድቅ ጫፉ ይተረተራል፣ ጣውላው ሲደርቅ ይጣመማል። ልምድ ያላቸው ሰንጣቂዎች ከአንድ ወገን ብቻ አይቆርጡም፣ ግንዱን እያገላበጡ ከሁለቱም ጎን እኩል ያነሳሉ።

ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ሲወጣ ቃላቱን ትቶልን ሄዷል፦ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት)፣ ፒያላ (መላጊያ)፣ ኮምፔልሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት)፣ ኮላ (ማጣበቂያ)፣ ሰጋቱራ። ጣውላ የሚለውን ራሱን ከጣሊያንኛ የሚያመጡት አሉ፣ ከዐረብኛ የሚያመጡትም አሉ። ፊደሉ እንደ ጣሊያንኛው «ታ» ሳይሆን «ጣ» ስለሆነ እኔ ወደ ዐረብኛው አደላለሁ። በደርግ ጊዜ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ የግቢው መጋዝ ግን ቀጠለ።

እንጨት ከተነሳ ንጉሡ ዋንዛ ነው። አይጣመምም ማለት ይቻላል፣ ለፒያላ ይገራል፣ ቀለሙም ያምራል። ዝግባ ቀጥ ያለ ነው። ጥድ ሽታው ደስ ይላል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ችግሩ ሕጉ ነው፤ የ1986ቱ የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ግቢህ ያበቀልከውንም ቢሆን ወረቀት ሳትይዝ ብታጓጉዝ ኬላ ላይ ትቆማለህ። ስለዚህ የዛሬ ሰንጣቂ በብዛት የሚያገኘው የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ነው። ግራቪሊያ ሲሰነጠቅ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ እጅጌ ይልበሱ።

ቼንሶው ፍጥነት አምጥቷል፣ ግን ሆዳም ነው። የእጅ መጋዝ በአንድ መስመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲበላ ቼንሶው 8 እና ከዚያም በላይ ይበላል። አሥር መስመር ላይ ልዩነቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ባለ 2.5 ሴንቲ ሁለት ጣውላ ሰጋቱራ ሆነ ማለት ነው። ቤንዚኑን ሳንቆጥር።

ማድረቅን የሚያህል ግን የለም። አንድ ጊዜ ደርቋል የተባለ ጣውላ ገዝቼ በር አሠራሁ። በጋው ሲገባ በሩ እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ቁልፉም አልገጥም አለ። ጣውላ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመሃሉ እኩል ውፍረት ያለው ቀጭን እንጨት እየገባበት ነው የሚደረደረው። ከላይ ድንጋይ ይጫናል፣ ጫፍና ጫፉ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ቀለም ይቀባል። እንደ ውፍረቱ ወራት ይፈጃል፣ ወፍራሙ ዓመትም ይሄዳል። ሰንጣቂዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ የሚቸኩለው ባለቤቱ ነው።

የተረፈውም አይጣልም። ቅርፊት ያለው የዳር ቁራጭ ለአጥር ወይም ለማገዶ ይውላል፣ ሰጋቱራው የዶሮ ቤት ይነጠፍበታል። ቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ መሃሉ ላይ ዱላ አቁሞ ሰጋቱራውን ዙሪያውን ጠቅጥቆ ዱላውን መዘዝ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ለረጅም ሰዓት የሚነድ እሳት ያገኛል።