በአውሮፓ ኅብረት የድንበር ፕሮጀክት የ«መሪ አጋር» ሥራ ምንድነው?
ሃንጋሪ በ2004 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆናለች። ጎረቤቷ ሰርቢያ ከ2012 ጀምሮ እጩ ናት፣ ገና አልገባችም። ታዲያ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች አብረው መሥራት ቢፈልጉስ? ለዚህ ከ1990 ጀምሮ ያለ ኢንተርሬግ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ እጩ አገሮችንም ያካትታል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው መሪ አጋር የሚለው ደንብ ላይ ነው። እንበል ሁለቱ የጎርፍ ውኃ መውረጃ ቦይ ሊጠርጉ ተስማሙ። አንዳቸው መሪ ይሆናሉ፤ የድጋፍ ውሉን የሚፈርመው፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ለሌላው የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ከባዱ ነገር ግን ይሄ ነው፦ ወዲያ ማዶ ያለው አጋር ያለ ጨረታ ዕቃ ገዝቶ ወጪው ውድቅ ቢሆን፣ መጀመሪያ ገንዘቡን እንዲመልስ የሚጠየቀው መሪው ነው፣ ከዚያ በኋላ እሱ ከአጋሩ ያስመልሳል። ስለዚህ የአጋሮቹ የጽሑፍ ስምምነት ሳይፈረም ሥራ መጀመር በጣም አደገኛ ነው፣ ትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ በጀታቸው ይህን አይችልም።

ሥራውንም በጋራ ማቀድና በጋራ መፈጸም ግዴታ ነው። በዚያ ላይ ወይ ሠራተኛ ወይ ገንዘብ በጋራ ያዋጣሉ። ገንዘብ ተካፍሎ በየፊናው መሥራት አይቻልም።

አንድ የሰርቢያ ገበሬ ለራሱ እርሻ ትራክተር ቢፈልግ ግን በዚህ በር አይገባም። እሱ የሚያመለክተው ኢፓርድ ለተባለው፣ ለእጩ አገሮች ግብርናና ገጠር ለተዘጋጀው ድጋፍ ነው።